ጆርጂያውያን ጉቦን የተጠየፉት መቼ ነው?

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

የቀድሞ ሶቪየት አገሮች ሙስና ሲነሳ «ሕዝቡ ለምዶታል» ተብሎ ወሬው ይዘጋል። የጆርጂያ ታሪክ ግን እንዲህ በቀላሉ አይዘጋም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 በትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል የሙስና መለኪያ ከ133 አገሮች 124ኛ ነበረች፤ አንደኛ የሚባለው ከሙስና ይበልጥ የጸዳው ነው፤ በ2012 51ኛ ሆነች። የሕዝብ ጠባይ በዘጠኝ ዓመት እንዲህ አይገለበጥም።

የያኔውን ትራፊክ ፖሊስ እንውሰድ። ደመወዙ አያኖረውም፤ ቦታውን የያዘው ከፍሎ ነው፤ መንገድ ላይ ከሚለቅመውም ለአለቃው ድርሻ አለበት። ጉቦ አልበላም ያለ ከሥራው ይነሳል። ለዚህ ሰው የሥነ ምግባር ሥልጠና ምን ይረባዋል? በ2004 ወደ 16,000 የሚጠጉ ፖሊሶች ተሰናበቱ። አዲሶቹ በፈተና ተቀጠሩ፣ ደመወዛቸው በብዙ እጥፍ አደገ፣ ቅጣት ባንክ የሚከፈል ሆነ።

ዩኒቨርሲቲም እንደዚያው። ልጁን ለማስገባት ለመምህራን የሚከፍል አባት አያፍርም ነበር፤ ጎረቤቱ ከፍሎ እሱ ቢቀር ልጁን በደለ ማለት ነው። በ2005 አንድ አገር አቀፍ መግቢያ ፈተና መጣ፦ ወረቀቱ ብሪታኒያ ታትሞ፣ በተፈታኙ ስም ፈንታ ባርኮድ ተለጥፎበት፣ አዳራሹ በካሜራ እየታየ። ገንዘቡ የሚገዛው ነገር ሲያጣ ነው መክፈል ማሳፈር የጀመረው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ልትሉት የሚገባው ባለጉዳይ የሚስተናገድበት መስኮት ነው። «የፍትሕ ቤት» በሚባሉት የአገልግሎት ማዕከላት ሰነድ የሚቀበለው ሠራተኛ ውሳኔ አይሰጥም፤ የሚወስነው ከኋላ ያለና ባለጉዳዩን የማያገኘው ነው። ለችኩል ደግሞ የአጣዳፊ አገልግሎት ዋጋ በይፋ ተተመነ፤ ዛሬውኑ ይድረስልኝ የሚል ጨምሮ ለመንግሥት ይከፍላል፣ ደረሰኝም ይቀበላል። ድሮ ያ ብር የጉዳይ ገዳይ ኪስ ነበር የሚገባው። ሀብታም ይቀድማል ብሎ የሚከፋ አይጠፋም፣ እውነትም አለው። ግን ድሮም ይቀድም ነበር፤ ያኔ ልዩነቱ ድሃው የሚዘገይበትን ምክንያት አለማወቁ ነው።

ጥፋቱስ? ዘመቻው በፍርሃትም የተገፋ ነበር። የታሰሩ ባለሥልጣናት ወጥ ተመን በሌለው ድርድር ገንዘብ እየከፈሉ ይፈቱ ነበር፤ ፍርድ ቤት በነጻ የሚያሰናብተው ተከሳሽ ከመቶ አንድ አይሞላም ነበር። በመስከረም 2012 የእስረኞች ስቃይ በቪዲዮ ወጣ፤ በጥቅምት መጀመሪያ ዘመቻውን የመራው መንግሥት ምርጫ ተሸነፈ። የመስኮት ጉቦ ግን ከመንግሥቱ ለውጥ በኋላም ተመልሶ አልተስፋፋም። የላይኛው ሙስና፣ የጨረታውና የዝምድናው፣ ሌላ መድኃኒት ይሻል፤ መስኮት አይደርስበትም።

እኛም አገር «መሶብ» የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሥራ ጀምሯል። ማዕከሉን የምትገመግሙ ሕንፃውንና ወንበሩን አትቁጠሩ። ተቀባዩና ወሳኙ ተለያይተዋል? የአጣዳፊው ዋጋ ግድግዳው ላይ አለ? ፋይሉ ሲዘገይ በማን እጅ እንዳለ ባለጉዳዩ ማየት ይችላል?

አመሰግናለሁ።