ጀልባው ውሃ ከመንካቱ በፊት

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማነሳው ጉዳይ እዚህ ሐዋሳ ከሐይቁ ጋር ሥራ ያለውን ሰው ሁሉ የሚመለከት ነው፤ ጀልባን በተሳቢ ጎትቶ ማምጣትና ያለ አደጋ ውሃ ላይ ማውረድ። ስለ ሐይቁ ስናወራ ከሰዓት በኋላ ስለሚነሳው ነፋስና ስለ ጉማሬው ብዙ እንላለን። እኔ ግን እያደር የገባኝ፣ ጀልባው ውሃ ከመንካቱ በፊት ያለው ጊዜ ከዚያ ያላነሰ ጥንቃቄ እንደሚፈልግና የዚህም ጥንቃቄ ትልቁ ክፍል መኪናው ቆሞ ሳለ የሚፈጸም መሆኑ ነው።

ከክብደቱ እንነሳ። ብዙ ሰው የጀልባውን ክብደት ብቻ ጠይቆ ሞተሩን፣ ነዳጁንና ራሱን ተሳቢውን ይረሳል፤ 60 ሊትር ቤንዚን ብቻውን ወደ 45 ኪሎ ይጠጋል። ከጠቅላላው ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ተሳቢው በሚያያዝበት በመኪናው ጋንቾ ላይ ማረፍ ይኖርበታል፤ ጠቅላላው 800 ኪሎ ከሆነ ከ40 እስከ 80 ኪሎ ማለት ነው። ጭነቱ ወደ ኋላ ካጋደለ፣ ከዝዋይ ወደ ሻሸመኔ ሲመጡ ፍጥነት በተጨመረ ቁጥር ተሳቢው ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። በዚያን ጊዜ ፍሬን በድንገት መርገጥም ሆነ መሪ ማዞር ነገሩን ያባብሰዋል፤ የሚያዋጣው መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ እግርን ከነዳጅ ላይ ማንሳት፣ መኪናው ሲረጋም ዳር ይዞ ጭነቱን ወደ ፊት ማስጠጋት ነው። ሰንሰለቶቹም ከጋንቾው ሥር ተጠላልፈው ይታሰሩ፤ ተሳቢው ቢላቀቅ አፍንጫው አስፋልቱ ላይ ሳይተከል የሚያዘው በእነርሱ ነው።

ሐይቁ ዳር እንደደረሱ በቀጥታ ወደ ውሃው መግባት ደግሞ የተሳቢው ጎማ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ይገድላል። ረጅም መንገድ የተሽከረከረ ኩሽኔታ ይግላል፤ በጋለበት ውሃ ሲነካው በውስጡ ያለው አየር በድንገት ይኮማተርና በጎማ ማሸጊያው በኩል ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ እስኪበርድ ይጠበቃል፤ ጥበቃው ግን ሥራ ፈት አያደርግም። የጀልባው የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ይደፈናል፣ የኋላ ማሰሪያዎች ይፈታሉ፣ የተሳቢው መብራት ገመድ ይነቀላል፣ ሞተሩ መሬት እንዳይመታ ወደ ላይ ይታጠፋል። የፊተኛው ማሰሪያ ግን ጀልባው እስኪንሳፈፍ ድረስ አይነካም።

የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ ከፍታው ከዝናቡ ጋር ይወጣል ይወርዳል። አምና ጠንካራ የነበረው መውረጃ ዘንድሮ ጭቃ ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል፣ ከመኪናው በፊት ሰው በእግሩ ወርዶ መሬቱን በዱላ ይፈትሽ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የአጋዡ ብዛት ነው። አሞራ ገደል በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ አካባቢ ተሳቢ ወደ ኋላ ሲል ያየ ሁሉ ረዳት ይሆናል፤ አንዱ «ና! ና!» ይላል፣ ሌላው «ቁረጥ!» ይላል፣ ሦስተኛው «ኧረ መልስ!» እያለ ቦዲውን በእጁ ይደበድባል። ቅንነታቸው አይጠረጠርም፤ ሆኖም ሾፌሩ የሚሰማው አንድ ድምፅ ብቻ መሆን አለበት፤ ያም ሰው አስቀድሞ ይመረጥና ሾፌሩ በስፖኪዮ ሊያየው በሚችልበት ቦታ ይቁም። ከተሳቢው በስተጀርባ፣ በቁልቁለቱ በኩል፣ ለመግፋትም ሆነ ለመያዝ ማንም እንዳይቆም በግልጽ መንገር ያስፈልጋል፤ የሚንሸራተት መኪናና ተሳቢ በሰው ጉልበት አይቆምም። ሾፌሩም መሪውን ከታች በኩል ቢይዝ ይቀለዋል፤ እጁን ወደ ቀኝ ሲወስድ ተሳቢው ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲወስድ ወደ ግራ ይሄድለታል። መኪናው ውስጥ ከእርሱ በቀር ሰው አይኑር፤ መኪናው ተንሸራቶ ውሃ ቢገባ በቶሎ እንዲወጣ ቁልቁለቱ ላይ ቀበቶው ይፈታ፣ መስኮቱም ይከፈት። ሲቆም የእጅ ፍሬን ብቻውን አይታመንምና ከጎማው ሥር ታኮ ይደረግ።

ጀልባው ተንሳፍፎ ገመዱ በሰው እጅ ከገባ በኋላ የፊተኛው ማሰሪያ ይፈታል፣ ታኮው ይነሣል፣ መኪናውም በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ይወጣል። በማግስቱ የጎማውን ክዳን ከፍቶ የኩሽኔታውን ቅባት፣ ግራሶውን፣ ማየት ይገባል፤ ወተት መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቷልና ኩሽኔታው ሳይታጠብና ግራሶው ሳይቀየር ተሳቢው መንገድ አይውጣ።