ባለሰዓት ካሊፐር አነባበብ፦ ከአንድ 6204 ኩሽኔታ ጋር

[እይታ፦ ጠረጴዛ ላይ ንጹህ ጨርቅ፣ አዲስ ኩሽኔታና ባለሰዓት ካሊፐር። ካሜራው ኩሽኔታው ላይ ወደተጻፈው ቁጥር ይጠጋል፦ 6204]

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ? ዛሬ ዳያል ካሊፐር እንማራለን። ባለሰዓቱን፣ ሰዓት የሚመስል ክብ ማሳያ ያለውን የስፋትና የውፍረት መለኪያ ማለቴ ነው።

መማሪያችን ይህ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ነው። የመረጥኩት ልኩ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ነው። 6204 የተጻፈበት ኩሽኔታ ማንም ያምርተው ማን የውስጥ ቀዳዳው 20 ሚሊ፣ የውጭ ስፋቱ 47 ሚሊ፣ ውፍረቱ 14 ሚሊ ነው። ቀዳዳውን ቁጥሩ ራሱ ይነግራችኋል። የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች፣ 04ን፣ በ5 አባዙት፤ 20 ይመጣል። 6205 ከሆነ 25 ነው። ይህ ስሌት የሚሠራው ከ04 ጀምሮ ነው። 6202ን በዚህ ብታሰሉት 10 ይላችኋል፤ እውነተኛው ግን 15 ነው።

እንግዲህ ካሊፐሩ ከነዚህ ቁጥሮች የራቀ ነገር ካሳያችሁ፣ ወይ አነባበባችሁ ላይ፣ ወይ አያያዛችሁ ላይ፣ ወይ መሣሪያው ላይ ችግር አለ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

[እይታ፦ ካሊፐሩ በቅርበት። እያንዳንዱ ክፍል ሲጠራ ጣት ይጠቁመዋል]

ክፍሎቹን ቶሎ እንያቸው። ረጅሙ ብረት ማስመሪያው ነው፤ ሙሉ ሚሊዎች የሚነበቡት እሱ ላይ ነው። ከታች ያሉት ትልልቅ መንጋጋዎች የውጭ ልክ ይይዛሉ። ከላይ ያሉት ትንንሾቹ ለቀዳዳ ውስጥ ናቸው። ከጀርባ በኩል የምትወጣው ቀጭን ዘንግ ጥልቀት ትለካለች። አውራ ጣት የሚያርፍባት ትንሽ ማሽከርከሪያ ተንሸራታቹን፣ ማለትም ማስመሪያው ላይ የሚሄደውን ክፍል፣ ታንቀሳቅሳለች። ከላይ ደግሞ ማጥበቂያ ቡሎን አለ።

አሁን ሰዓቱን እዩት። ማስመሪያው ላይ በርዝመቱ ደቃቅ ጥርሶች ተቆርጠዋል። ከሰዓቱ ጀርባ ያለች ትንሽ ማርሽ በነዚህ ጥርሶች ላይ ትሽከረከራለች። ተንሸራታቹ ሲሄድ ማርሿ ትዞራለች፣ ጠቋሚዋም አብራ ትዞራለች። የመሣሪያው ጥቅም እዚህ ላይ ነው። በተለመደው የቬርኒየር ካሊፐር የትኛው መስመር ከየትኛው ጋር እንደገጠመ ዓይን አጥብቦ መፈለግ አለ። እዚህ ጠቋሚዋ ታሳያችኋለች። ጉዳቱም ከዚሁ ይመጣል፤ ጥርሶቹ መሃል ብናኝ ከገባ መሣሪያው ይሳሳታል። ወደዚህ እንመለሳለን።

[እይታ፦ መንጋጋዎቹ በጨርቅ ሲጠረጉ። ከዚያ ተዘግተው ወደ ብርሃን ሲያዙ]

ከመለካት በፊት ዜሮውን ማየት አለባችሁ። መንጋጋዎቹን ጥረጉና ዝጉ፣ ከዚያ ወደ መስኮት ወይም ወደ መብራት አንሱት። በመሃላቸው ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ፣ ወይ ቆሻሻ አለ ወይ መንጋጋው ተበልቷል። ብርሃን ካላለፈ ጠቋሚዋን እዩ። ዜሮ ላይ ካልሆነች የሰዓቱን ቀለበት ትንሽ አዙራችሁ ዜሮውን ከሥሯ አምጡት። ቀለበቱ የራሱ ማጥበቂያ ካለው አጥብቁት። ከዚያ ክፈቱ፣ እንደገና ዝጉ። ጠቋሚዋ ሁልጊዜ እዚያው መመለስ አለባት። አንዴ ዜሮ፣ አንዴ 3 መስመር አልፋ የምትቆም ከሆነ፣ ቀለበት ማዞር አያድናችሁም። መጽዳት ወይም መጠገን ያስፈልገዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ቀድማችሁ እወቁ፦ የያዛችሁት ሰዓት በአንድ ዙር ስንት ሚሊ ይሄዳል? ሁሉም አንድ አይደለም። ተንሸራታቹን ማስመሪያው ላይ ልክ 1 ሚሊ አንቀሳቅሱ። ጠቋሚዋ ሙሉ ዙር ከዞረች፣ 100 መስመር ያለው ሰዓት ላይ አንዱ መስመር 0.01 ሚሊ ነው። ግማሽ ዙር ብቻ ከሄደች ሙሉ ዙሩ 2 ሚሊ፣ አንዱ መስመር 0.02 ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰዓቱ ፊት ላይ ተጽፏል፤ ቢሆንም በእጅ ማረጋገጥ ጥሩ ነው። በኢንች የሚሠራው ደግሞ አንዱ መስመር 0.001 ኢንች ነው፤ ብዙዎቹ ላይ አንድ ዙር 0.1 ኢንች ይሆናል። የኛ የዛሬው ባለ 1 ሚሊ ዙር ነው።

[እይታ፦ ያረጀ ሻፍት በመንጋጋዎቹ መሃል። ማስመሪያውና ሰዓቱ በአንድ ፍሬም]

ከቀላሉ እንጀምር። ይህ፣ ኩሽኔታው የሚቀመጥበት የሞተር ሻፍት (የሚዞረው ዘንግ) ነው፤ ተበልቷል። መጀመሪያ ማስመሪያውን አንብቡ። የተንሸራታቹ ጠርዝ 19ን አልፏል፣ 20 ላይ ግን አልደረሰም። ስለዚህ 19። ቀጥሎ ሰዓቱን። ጠቋሚዋ 87 ላይ ናት። 19 ሲደመር 0.87። ሻፍቱ 19.87 ሚሊ ነው። 20 መሆን ነበረበት፤ 0.13 ሚሊ ጎድሏል። እዚህ ላይ አዲስ ኩሽኔታ ቢገባ ይወዛወዛል፣ ዕድሜም አይኖረው።

ይህን ያህል ቀላል ነው። ማስመሪያው ትልቁን፣ ሰዓቱ ትንሹን ይሰጣል፤ ትደምራላችሁ።

[እይታ፦ አሁን ኩሽኔታው በመንጋጋዎቹ መሃል። የተንሸራታቹ ጠርዝ 47 መስመር ላይ፣ ጠቋሚዋ 99 ላይ]

አሁን ግን ወደ ኩሽኔታው እንሂድ። እዚህ ቦታ ላይ በደንብ አስተውሉ።

የተንሸራታቹ ጠርዝ 47 ላይ የደረሰ ይመስላል። ጠቋሚዋ 99 ላይ ናት። ስንት ነው? ጀማሪ ቶሎ ብሎ 47.99 ይላል። ስህተቱ የአንድ ሙሉ ሚሊ ነው። ልኩ 46.99 ነው።

ለምን? የግድግዳ ሰዓት አስቡ። ለሦስት አንድ ጉዳይ ሲሆን አጭሩ ጠቋሚ ሦስት ላይ የደረሰ ይመስላል። ግን ማንም ሰው "ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ዘጠኝ" አይልም። ረጅሙ ጠቋሚ ገና ዙሩን እንዳልጨረሰ እናያለንና። እዚህም እንዲሁ ነው። ጠቋሚዋ 99 ላይ ናት ማለት ዙሩ ገና አላለቀም ማለት ነው። 47 አልሞላም። ለ47 አንድ ጉዳይ ነው።

ተቃራኒውም አለ። ጠቋሚዋ 2 ላይ ሆና ጠርዙ 47 ላይ ያልደረሰ ሊመስላችሁ ይችላል። እሷ ዜሮን ካለፈች ግን 47 ሞልቷል፤ ልኩ 47.02 ነው። ጠቋሚዋ ዜሮ አጠገብ ስትሆን ማስመሪያውን ብቻ አትመኑ፤ ዙሩ ሞላ ወይስ አልሞላም የምትለው እሷ ናት።

ኩሽኔታው 46.99 መሆኑም አያስደንግጣችሁ። የተለመደ ደረጃ ያለው ኩሽኔታ በዚህ መጠን ሲሠራ ከ47 ወደ ታች እስከ 0.011 ሚሊ ድረስ እንዲያንስ ይፈቀድለታል። ከ47 በላይ እንዲሆን ግን አይፈቀድም። ውፍረቱ ላይ ፈቃዱ ሰፋ ይላል፤ 14 የሚባለው እስከ 13.88 ሊወርድ ይችላል።

ባለ 2 ሚሊ ዙር ሰዓት የያዛችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር አለባችሁ። እናንተ ዘንድ ጠቋሚዋ ሁለት ሚሊ ሙሉ ትቆጥራለች፤ ስለዚህ ከማስመሪያው ላይ ያለፈውን ሙሉ ቁጥር ሳይሆን ያለፈውን ተጋማሽ ቁጥር ውሰዱ። 19.87ን ባለ 0.02 ሰዓት ላይ ስታነቡ ከማስመሪያው 18 ትወስዳላችሁ፣ ሰዓቱ ላይ ደግሞ ጠቋሚዋ ከዜሮ ተነስታ 1.86 እና 1.88 መሃል ላይ ትሆናለች።

[እይታ፦ አውራ ጣት ማሽከርከሪያዋ ላይ፣ በጣም በቅርበት። ጣቱ ሲጫን ጠቋሚዋ ስትንቀሳቀስ ይታያል]

ማንበብ ይሄው ነው። ከባዱ ሥራ ያለው እጅ ላይ ነው።

ጠቋሚዋን እያያችሁ አውራ ጣቴን ጫን ሳደርግ ተመልከቱ። ሻፍቱ ያው ሻፍት ነው። ጠቋሚዋ ግን ሁለት ሦስት መስመር ወረደች። ማይክሮሜትር በሚባለው ይበልጥ ረቂቅ መለኪያ ላይ ልክ ሲደርስ "ቀጭ ቀጭ" ብሎ የሚያቆም ነገር አለ። ካሊፐር ላይ የለም። ግፊቱን የሚወስነው የናንተ ጣት ነው። መንጋጋው ዕቃውን ነክቶ እንዲይዝ ብቻ አድርጉ፤ መጭመቅ አያስፈልግም።

ዕቃውን በተቻለ መጠን ወደ ማስመሪያው አስጠጉት። መንጋጋው ጫፍ ላይ ከያዛችሁት ተንሸራታቹ በትንሹ ዘንበል ይላል፣ ልኩም ይዛባል። ጀርመናዊው ኤርነስት አቤ በ1890 ያስቀመጠው መርህ አለ፦ የሚለካው ነገርና ማስመሪያው በአንድ መስመር ላይ መሆን አለባቸው። ካሊፐር በአሠራሩ ይህን መርህ አያሟላም። ስለዚህ ማስጠጋት ቢያንስ ስህተቱን ይቀንሳል።

ክብ ነገር ስትለኩ ካሊፐሩን ጥቂት ወዲህ ወዲያ አወዛውዙት። ለውጭ ልክ የምትፈልጉት ትንሹን ንባብ ነው፤ ካሊፐሩ ካጋደለ ቁጥሩ ይጨምራልና። ጠቋሚዋ ወርዳ ወርዳ መመለስ የምትጀምርበት ቦታ ልኩ ነው። ዲጂታል ካሊፐር ላይ ቁጥሮች ይገለባበጣሉ እንጂ ይህን መመለሻ እንዲህ ቁልጭ አድርጎ ማየት አይቻልም። እኔ ባለሰዓቱን የምወደው ለዚህ ነው። ባትሪ አለመፈለጉም ሌላ ነገር ነው።

ስትለማመዱ ሰዓቱን አትዩ። ያዙ፣ ጣታችሁ ሲበቃው አቁሙ፣ ከዚያ እዩ። 47 እንደሚመጣ እያወቃችሁ ጠቋሚዋን ካያችኋት፣ ሳይታወቃችሁ እስክትደርስ ትጫኗታላችሁ። ልኩን የማታውቁት ዕቃ ሌላ ሰው ቢያቀብላችሁ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል። ደጋግማችሁ ስትይዙት ንባቡ በአንድ ሁለት መስመር ውስጥ ከቆየ እጃችሁ ተስተካክሏል።

[እይታ፦ የላይኞቹ ትንንሽ መንጋጋዎች ኩሽኔታው ቀዳዳ ውስጥ]

የውስጥ ልክ። ትንንሾቹን መንጋጋዎች አስገቡና ክፈቱ። ቀዳዳ ላይ የምትፈልጉት ትልቁን ንባብ ነው፤ ከመሃል ፈቀቅ ካሉ ዲያሜትሩን ሳይሆን ጠበብ ያለውን ቦታ ነው የሚይዙት። ግድግዳዎቹ ትይዩ የሆኑ ቦይ ከሆነ ደግሞ ትንሹን። በጣም ጠባብ ቀዳዳ፣ 5 ሚሊና ከዚያ በታች፣ ላይ ተጠንቀቁ። የመንጋጋዎቹ ጠርዝ ፍጹም ስለት ስላልሆነ ቀዳዳውን ከእውነቱ አሳንሰው ያሳያሉ።

የሁለት እኩል ቀዳዳዎችን ከመሃል እስከ መሃል ርቀት ብትፈልጉ፣ መሃሉን በዓይን አትገምቱ። የአንዱን ቀዳዳ ስፋት ለኩ። ከዚያ ከአንዱ ቀዳዳ የውጭ ዳር እስከ ሌላው የውጭ ዳር ለኩ። የመጀመሪያውን ከሁለተኛው ቀንሱ። 92.40 ሲቀነስ 12.40፣ 80 ሚሊ።

ጥልቀት ላይ የማስመሪያው ጫፍ ሙሉ በሙሉ ተደላድሎ ይቀመጥ፣ ዘንጓም ቀጥ ብላ ትውረድ። ካጋደለች ይበዛባችኋል።

አንድ ዓይነት ዕቃ ብዙ ከሆነ፣ የሰዓቱን ቀለበት ተጠቀሙ። ልኩ ትክክል የሆነውን አንዱን ያዙ፣ ዜሮውን ጠቋሚዋ ሥር አምጡ። ከዚያ ሌሎቹን አንድ በአንድ ያዙ። ጠቋሚዋ ከዜሮ ወደ የት እንደሄደች ብቻ ማየት ይበቃል። ስትጨርሱ ግን መንጋጋውን ዘግታችሁ ዜሮውን መልሱት። ቀጥሎ የሚያነሳው ሰው ስለቀለበቱ አያውቅም።

[እይታ፦ ደቃቅ ብረት ብናኝ ማስመሪያው ጥርሶች ላይ። ለስላሳ ብሩሽ ሲጠርገው]

ብናኙን ላስታውሳችሁ። ጥርሶቹ መሃል የብረት ፍቅፋቂ ከገባ ማርሿ ጥርስ ትዘላለች፤ ከዚያ በኋላ መንጋጋው ሲዘጋ ጠቋሚዋ ከዜሮ ርቃ ትቆማለች። ቶርኖ ቤት የሚውል ካሊፐር ላይ ይህ ብርቅ አይደለም። በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት። በኮምፕረሰር አየር አትንፉት፤ ብናኙን ወደ ሰዓቱ ውስጥ ይገፋዋል። በመንጋጋው ጫፍ ብረት ላይ አትጫሩ። የሚሽከረከር ዕቃም በጭራሽ አትለኩ፤ መንጋጋውን ይበላዋል፣ ካሊፐሩን ከእጃችሁ ነጥቆ ሊወረውረውም ይችላል።

ከቶርኖ ገና የወጣ ትኩስ ዕቃም ይጠብቅ። የልኬት መነሻ ሙቀት በዓለም አቀፍ ደረጃ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ከ1931 ጀምሮ። 50 ሚሊ የሆነ አሉሚኒየም ከዚህ በ40 ዲግሪ ቢሞቅ ወደ 0.046 ሚሊ ያብጣል። ትኩሱን ለክታችሁ ብትጨርሱት፣ ሲበርድ አንሶ ታገኙታላችሁ።

የቧንቧ ስምም አያደናግራችሁ። ግማሽ ኢንች የሚባለውን የብረት ቧንቧ ከውጭ ብትለኩት 21.3 ሚሊ አካባቢ ይመጣል፤ ግማሽ ኢንች ግን 12.7 ሚሊ ነው። ካሊፐራችሁ ደህና ነው። ስሙ የውጭ ስፋቱን አይናገርም።

[እይታ፦ ካሊፐሩና ማይክሮሜትር ጎን ለጎን፣ መሃላቸው አዲስ የተሠራ ሻፍት]

የመጨረሻው ጉዳይ ገደቡ ነው። ሰዓቱ 0.01 ስለሚያሳይ 0.01 ያረጋግጣል ማለት አይደለም። ጥሩ አምራች የሠራው ባለ 150 ሚሊ ካሊፐር እንኳ ፈቃድ ያለው ስህተቱ ብዙውን ጊዜ 0.02 ወይም 0.03 ሚሊ ወደላይም ወደታችም ነው።

ያንን የተበላ ሻፍት ሞልተን እንደገና አስቶረንን እንበል። ለኩሽኔታ መቀመጫ ከተለመዱት ልኮች አንዱ ኬ6 ይባላል። 20 ሚሊ ሻፍት ላይ ከ20.002 እስከ 20.015 መሆን አለበት ማለት ነው። መሃሉ 0.013 ሚሊ ብቻ ነው። ካሊፐሩ 20.01 ቢላችሁ እውነቱ 19.99 ሊሆን ይችላል፣ 20.03ም ሊሆን ይችላል። በአንደኛው ኩሽኔታው ይላላል፣ በሌላኛው በመዶሻ ካልሆነ አይገባም። ስለዚህ ቶርኖ ላይ እስከ 20.2 ድረስ በካሊፐር ውረዱ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን በማይክሮሜትር ጨርሱት።