ሎረን ኮንራድ ከሪያሊቲ ሾው ወጥታ እንዴት ልብስ ሻጭ ሆነች?

(ምስል፦ የባሕር ዳርቻ፣ ፀሐይ፣ መኪና ውስጥ የሚሳሳቁ ተማሪዎች)

ከሪያሊቲ ሾው፣ ማለትም የሰዎችን የዕለት ኑሮ ከሚቀርጽ የቴሌቪዥን ፕሮግራም፣ የወጣ ሰው «የራሴን የልብስ ብራንድ ጀመርኩ» ቢል አሁን ማንም አይገረምም። ብዙዎቹ በሆታ ይከፍቱና ብዙም ሳይቆይ ድምፃቸው ይጠፋል። ሎረን ኮንራድ ግን አልጠፋችም። እሷም ብትሆን በመጀመሪያው ሙከራዋ ወድቃለች። የሚገርመኝ ደግሞ የተነሣችበት መንገድ ነው።

ሎረን የተወለደችው በ1986 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንጠራቸዋለን።) ያደገችው ላጉና ቢች ነው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለች፣ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች የሚበዙባት የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት። ኤምቲቪ የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያ ካሜራውን ይዞ እዚያ ሲገባ ሎረን የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ፕሮግራሙ በከተማዋ ስም «ላጉና ቢች» ተባለ፤ መታየት የጀመረው በ2004 ነው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ በድምፅዋ የምትተርከውም እሷ ናት። ታሪኩ? እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ወንድ ልጅና ሁለት ሴቶች። በቃ።

(ምስል፦ የሎስ አንጀለስ ጎዳናዎች)

በ2006 «ዘ ሂልስ» የተባለው ፕሮግራም መጣ። ይሄኛው ሎረን ሎስ አንጀለስ ገብታ ራሷን ስትችል የሚያሳይ ነበር። ፋሽን ትማራለች፤ ጎን ለጎን ደግሞ «ቲን ቮግ» የፋሽን መጽሔት ቢሮ ኢንተርን (ተለማማጅ ሠራተኛ) ናት። ብዙ ትዕይንቶች የተቀረጹት ልብስ በሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። እሷና ሌላዋ ኢንተርን ዊትኒ ፖርት ልብስ ይሰቅላሉ፣ ያወርዳሉ፣ ወሬ ይሰልቃሉ። ተመልካቹ የሚሰማው ወሬውን ነው። ሎረን ግን ያንን ሁሉ ቀሚስ በእጇ እየነካች ነበር።

በመጀመሪያው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ክረምቱን ፓሪስ ሄዳ እንድትሠራ ዕድል መጣላት። እሷ ግን ከፍቅረኛዋ ጋር ለመሆን ብላ ቀረች። በእሷ ፈንታ ዊትኒ ሄደች። በኋላ አለቃቸው ሊሳ ላቭ ሎረንን ፊት ለፊት ቁጭ አድርጋ «ሁልጊዜ ፓሪስ ያልሄደችው ልጅ ተብለሽ ነው የምትታወቂው» አለቻት። ካሜራው እየቀረጸ ነው እንግዲህ! ፍቅሩም አልዘለቀም። ከጊዜ በኋላ ፓሪስን አይታለች፤ ስሙ ግን ተለጥፎባት ቀረ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ትንሽ ግፍ አለበት። በ20 ዓመቱ ለፍቅር ብሎ ያልተሞኘ ስንቱ ነው? ልዩነቱ የእሷን አገር ምድሩ ማየቱ ነው።

ቀጥሎ ጠቡ፣ ለቅሶው፣ ጓደኛ ከጓደኛ መቆራረጡ መጣ። ማስካራ ያጠቆረው አንድ ዘለላ እንባ ጉንጯ ላይ ሲወርድ የታየበት ቅጽበት እስከዛሬ ይነሣል። በዚህ ሁሉ መሐል ግን ልጃገረዶቹ ሌላ ነገር እያዩ ነበር። ግንባሯ አጠገብ በጎን የምትሠራት ቀጭን ሹሩባ፣ የምትለብሳቸው ቀለል ያሉ ቀሚሶች፣ የዓይን ኩሏ። ያዩትን ይኮርጁ ነበር። ገበያዋ እነሱ ነበሩ።

(ምስል፦ የሞዴሎች ሰልፍ፣ ጭብጨባ)

በ2008 በራሷ ስም የመጀመሪያውን የልብስ ስብስብ አወጣች። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በፋሽን ትርኢት ቀረበ። ሰውነት ላይ ለስለስ ብለው የሚወድቁ፣ ያልተወሳሰቡ ቀሚሶች ነበሩ። ተቺዎች ፊት ነሱት፣ አዲስ ነገር አላዩበትም። በ2009 ምርቱ ቆመ።

ለምን? ቀሚሱ ስላስጠላ ብቻ አይመስለኝም። የሚሸጠው ውድ ልብስ በሚያቀርቡ ቡቲኮች ውስጥ ነበር። ሎረንን የምታየው ልጅ ደግሞ ተማሪ ናት፤ ልብስ የሚገዙላት እናቷ ናቸው፤ እናቷም እንዲህ ያለ ቡቲክ አይገቡም። እሷን የሚወዳትና ልብሷን የሚገዛው ሰው አልተገናኙም።

በዚያው በ2009 ሁለት ነገር አደረገች። በግንቦት «ዘ ሂልስ»ን ለቀቀች። ፕሮግራሙ ገና እየታየ ነበር፣ እሷም ዋናዋ ነበረች። በጥቅምት ደግሞ «ኤልሲ ሎረን ኮንራድ» የተባለው የልብስ ብራንዷ ኮልስ ውስጥ ተከፈተ። ኮልስ መላው አሜሪካ ውስጥ ከ1,000 በላይ ቅርንጫፍ ያለው የመደብር ሰንሰለት ነው። ቤተሰብ የሚገዛዛበት ቦታ። እናትና ልጅ አብረው የሚገቡበት።

እዚህ ላይ ሁሌ የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ ይቺ ልጅ ዲዛይነር ናት ወይስ ስሟን አከራይታ ነው?

መልሱ እንዲህ ዓይነት ልብስ እንዴት እንደሚሠራ በማወቅ ይጀምራል። በትላልቅ መደብሮች ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚወሰነው ዋጋው ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ይሰላል። በዚህ ዋጋ ምን ዓይነት ጨርቅ ይገኛል? ገበር ይኖረዋል? አንገቱ ላይ ዳንቴል ቢገባ ከየት ይቀነሳል? የአንድ ቁልፍ ዋጋ ትንሽ ነው፤ በመቶ ሺህ ሸሚዝ ሲባዛ ግን ሌላ ነው። በዚያ ላይ አንዱ ቀሚስ ቀጭኗም ላይ ወፍራሟም ላይ እኩል ማማር አለበት። ስፌቱንና ማከፋፈሉን ትልቁ ድርጅት ይይዛል። የሎረን ሥራ ቀለሙን፣ ጨርቁ ላይ የሚታተመውን ሥዕል፣ ቅርጹን መምረጥና «ይሄ የእኔ ነው፣ ይሄ አይደለም» ማለት ነው። ሪባን፣ አበባ አበባ ጨርቅ፣ ፈዘዝ ያለ ሮዝ። መደርደሪያው ላይ ስሟን ሳታነቡ የእሷ መሆኑን ታውቃላችሁ። ለእኔ ይሄ ዲዛይነር ያሰኛታል። ልብስ ስፌት የግድ ነው የሚል ይኖራል፤ መብቱ ነው።

እሷ ከሄደች በኋላ «ዘ ሂልስ» አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ በ2010 አበቃ። አጨራረሱን ያየ አይረሳውም። አንዲት ወጣት በመኪና ትሄዳለች፣ አንድ ወጣት መንገድ ላይ ቆሞ ያያታል፣ ከኋላው ተራራ ላይ የተተከለው ትልቁ «ሆሊውድ» የሚል ምልክት ይታያል። በድንገት ምልክቱ ከነተራራው እየተንሸራተተ ከቦታው ይነሣል። ሥዕል ያለበት የስቱዲዮ መጋረጃ ነበር። አዘጋጆቹ ተመልካቹን ምን ያህሉ እውነት እንደነበር እያጠያየቁ ተሰናበቱት።

ሎረን በ2011 «ፔፐር ክራውን» የተባለ፣ ዋጋው ከፍ ያለ ሌላ ብራንድ ከጓደኛዋ ጋር ሞከረች። በ2013 ደግሞ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሴቶች በእጃቸው የሠሩትን ቅርጫትና የቤት ዕቃ የሚሸጥ «ዘ ሊትል ማርኬት»ን ከሌላ ጓደኛዋ ጋር መሠረተች። ከእነዚህ በፊት ደግሞ ሪያሊቲ ሾው ውስጥ ስለገባች ልጅ ልቦለድ ጽፋ ብዙ ተሸጦላታል።

(ምስል፦ ኒው ዮርክ፣ ማታ)

በመስከረም 2015 ኒው ዮርክ ፋሽን ሳምንት ላይ ሞዴሎቿን አሰለፈች። ታላላቆቹ የፋሽን ቤቶች ሥራቸውን በሚያሳዩበት ሳምንት ማለት ነው። መድረኩ ላይ የወጣው ልብስ የተሸጠው ግን እዚያው ኮልስ ነው።